በወር አንድ በሬ የሚበላ ከተማ

አያሌው ሰው ፊት ደረቱን መንፋት የሚወድ ሰው ነበር። የንስሐ አባቱ ቄስ አለሙ «ትዕቢት ኃጢአት ነው» ብለው ሲገሥጹት «ያለኝን ነው እኮ የምናገር አባቴ፣ የሌለኝን መች አልሁ» ይላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የሚወራለት ያህል ሀብት አልነበረውም። ከጉና ተራራ ሥር፣ ጓሳ አምባ በምትባል ቀበሌ፣ ድንጋይ የበዛባት የገብስ መሬት፣ አንድ በሬ፣ አምስት በግ፣ ሚስቱ ብዙነሽ፣ ባሏ ጥሏት ሕፃን ታቅፋ የተመለሰች ልጁ ዓለሚቱ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። በዚህ ላይ ግን ሙላቴ ነበረው፤ የሚያስኮራውም እሱ ነበር።

ሙላቴ የመጨረሻ ልጁ ነው። ሁለተኛው በሬ የተሸጠው እሱን ለማስተማር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አያሌው የሚያርሰው ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ነበር። ልጁ ሒሳብ አያያዝ አጥንቶ ተመረቀ፤ ሁለት ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር ከረመ፤ በመጨረሻ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ቀጠረው። በቀጠሩት ዕለት ደወለ። «አባየ፣ ደሞዙ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው» አለ። አያሌው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

በዚያው ሳምንት የሚካኤል ማኅበር ነበር። ሌላ አባት ቢሆን «ልጄ ሥራ ያዘ፣ ተመስገን» ብሎ ያልፋል። አያሌው ግን ጽዋው ዞሮ ሳያልቅ ተነሥቶ ብሩን እስከ መቶዋ ድረስ ተናገረ። በማኅበርተኛው መካከል ወዲያው ስሌቱ ተጀመረ። የዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ገበያ ደህና የእርሻ በሬ አሥራ አምስት ሺህ ብር ገደማ ያወጣል። «በሦስት ወር አንድ በሬ!» አለ አንዱ። «በዓመት አራት!» አለ ሁለተኛው። የቀበሌው የሴፍቲኔት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጥላዬም እዚያ ነበር፤ ስሌት ይወዳልና «በአሥር ዓመት አርባ በሬ» ብሎ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያሌው ስም «ባለ አርባ በሬው» ሆነ። እሱም ስሙ ሲጠራ ፈገግ ይል ነበር እንጂ አልተቆጣም።

አንድም ሰው «ይህ ልጅ ምን ይበላል? የት ያድራል?» ብሎ አልጠየቀም። በጓሳ አምባ ሰዎች አይፈረድም። እዚያ ቤት ይሠራል እንጂ አይከራይም። ውኃው ከምንጭ ነው፣ ማገዶው ከባሕር ዛፍ፣ እህሉ ከጎተራ፣ መንገዱ በእግር። ብር የሚባለው ነገር እጅ የሚገባው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ስለዚህ ደሞዝ ሲባል የሚታያቸው ትርፍ ነው፤ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተለብሶ የተረፈ። አያሌውም የሚያስበው እንደዚያው ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ።

ሙላቴ በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ አምስት መቶ ብር ላከ። ብዙነሽ ነጠላ ገዛችበት፣ አያሌው ደግሞ ነጠላውን ሀገር ምድሩ እንዲያየው አደረገ። ከዚያ በኋላ ብር አልመጣም። ሲደወልለት «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው» ይላል። አያሌው ልጁ በዝምታ ለበሬ መግዣ የሚያጠራቅም መሰለው፤ አንድ ቀን ሁለት ጥንድ በሬ እየነዳ ሲመጣም በሐሳቡ ያየው ነበር።

በ2011 ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጉና ውርጭ ጣለ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ወረደና ፍሬ ሊይዝ የነበረው ገብስ ነጣ፤ ሲያሹት እጅ ላይ ገለባ ብቻ ይቀራል። የድንቹ ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ጠቆረ። ቀበሌው ሁሉ ተመታ፣ ከፍ ብላ የምትገኘው የአያሌው መሬት ግን ከሁሉም ባሰች። ተወቅቶ ቤት የገባው ገብስ ሁለት ኩንታል አልሞላም።

ታኅሣሥ ላይ የሴፍቲኔት ዝርዝር ወጣ። ሴፍቲኔት ማለት ቀለብ ያልደረሰላቸው ቤተሰቦች እርከን እየሠሩ እስከ ሰኔ ድረስ በየወሩ ለያንዳንዱ ነፍስ አሥራ አምስት ኪሎ ስንዴ የሚቀበሉበት ነው። ማን ደኸየ፣ ማን አልደኸየም የሚለው የሚለየው በአደባባይ ነው፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ይመሰክራል። ጥላዬ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ቆሞ አንብቦ ጨረሰ። የአያሌው ስም የለም።

«ዘለልኸኝ መሰለኝ» አለ አያሌው ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

«አልዘለልሁህም። ደሞዝተኛ ልጅ ያለው ቤት አይገባም፤ ደንቡ ነው።»

«ማሳየን አላየህም?»

«አየሁ እንጂ። በዓመት አራት በሬ የሚያስገባ ልጅህንም ራስህ ነግረኸኛል።»

ሕዝቡ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ባለ አርባ በሬው ስንዴ ለመነ!» አለና ሳቁ እንደገና ተነሣ። ጥላዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅሬታ ካለህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰማል» አለው። በዓመት አራት ያለው ሌላ ሰው፣ አርባ ያደረሰው ደግሞ ራሱ ጥላዬ ነበር፤ ያንን ግን ያስታወሰ የለም።

አያሌው ቤቱ ሲደርስ ብዙነሽ ገብሱን በቁና ሰፍራ ጠበቀችው። «የሙላቴ አባት፣ እስከ ጥምቀት ነው» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ እየበላን ለሕፃኗ ብናስቀድም የካቲትን እናይ ይሆናል። እንግዲህ ልጁን ጠይቀው። ግን አታስጨንቀው።»

ጓሳ አምባ ውስጥ ስልክ በደንብ የሚይዘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አያሌው በማግስቱ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ደወለ። ውርጩን ነገረው፣ ዝርዝሩን ነገረው፣ የእናቱን ቁና ነገረው።

«በወር አንድ ሺህ ብትልክልን ሰኔን እንሻገራለን ልጀ» አለ። «አንድ ሺህ ላንተ ምን አላት።»

በወዲያኛው ጫፍ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«አባየ፣ ካልተቆጡ እውነቱን ልንገርዎ?» አለ ሙላቴ።

«ንገረኝ።»

ልጁ ነገረው። አምስት ሺህ ስምንት መቶው ወረቀት ላይ ያለ ነው። ግብር ይቆረጣል፣ ጡረታ ይቆረጣል፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረበት ወጪ ደግሞ በየወሩ ለመንግሥት ይከፈላል። እጁ ላይ የሚደርሰው ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ብር ነው።

«ይሁና» አለ አያሌው። «እሱም ብር ነው።»

«ሁለት ሺው ለቤት ኪራይ ይሄዳል።»

«ምን ያህል ቤት ቢሆን ነው?»

«አንድ አልጋ ያስገባል። በሩን ስከፍት አልጋው ላይ ነው የምገባ። ሽንት ቤቱን ከሌላ ስምንት ተከራይ ጋር ነው የምንጠቀም።»

አያሌው የበጎቹን በረት አሰበ። በረቱ ይሰፋል።

ሙላቴ አንዴ አፉን ከከፈተ በኋላ ማቆም አቃተው። ለታክሲና ለአውቶቡስ ስድስት መቶ ያወጣል፤ ከሥራው አጠገብ ቢከራይ ታክሲው ይቀርለት ነበር፣ ግን እዚያ ያለው ቤት አራት ሺህ ነው። አከራይዋ የመብራትና የውኃ ለብቻ ታስከፍላለች። በቀረው ይበላል። ቁርስ የሚባል የለም፤ ምሳ ላይ አንድ ሽሮ ለሦስት፣ ማታ ዳቦ በሻይ፤ ወሩ ሃያ ሁለት ሲል እሱም ያልቃል። ጫማው ተቀዶ ውስጡ ካርቶን አድርጎ ነው የሚሄደው።

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም?» አለ አያሌው።

«ማኅበሩ ላይ እንዴት እንደተደሰቱ ዓለሚቱ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብየ ልንገርዎ?»

አያሌው አፈረ፤ ስልክ ባይሆን ኖሮ ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ነገር ግን ማወቅ ፈለገ። «ስንት ቢከፍሉህ ነው ሳትሳቀቅ፣ እንደ ሰው የምትኖር?»

«አሥራ አምስት ሺህ ቢሆን ለእናንተም እልክ ነበር።»

አሥራ አምስት ሺህ ማለት አንድ በሬ ነው። በወር አንድ በሬ የሚበላ ከተማ! የጉና ጅብ ሁሉ ተሰብስቦ እንኳ በወር አንድ በሬ በልቶበት አያውቅም። ሌላ ሰው ቢነግረው ይስቅ ነበር። ልጁን ግን አመነው፤ ሙላቴ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መዋሸት የማይችል ልጅ ነው፣ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል ብላ እናቱ ታሾፍበት ነበር።

«የዚህን ወር ዳቦ ቀንሼ ሁለት መቶ ልላክልዎ?» አለ ልጁ።

«ተወው። ብላበት» አለና አያሌው ስልኩን ዘጋ። ከጉብታው ሳይወርድ ብዙ ቆየ።

የቅሬታው ቀን ሕዝቡ እዚያው ደጅ ተሰበሰበ። ብዙነሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ቄስ አለሙ መስቀላቸውን ይዘው ከኮሚቴው ጎን ነበሩ፤ ነገር ሲያጠራጥር ባለጉዳዩ የሚምለው በሳቸው መስቀል ነው። በጓሳ አምባ ሰው ፍርድ ቤት ሊዋሽ ይችላል፤ በመስቀል ዋሽቶ ግን ዓመቱን በሰላም የሚጨርስ አለ ብሎ የሚያምን የለም።

አያሌው መጀመሪያ የተናገረው እውነቱን ነው፤ ይህችን እንቁጠርለት። ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ኪራዩን፣ ታክሲውን፣ ሽሮውን ለሦስት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘረ። «ልጀ ለራሱም አልበቃው። እኔን የሚረዳበት የለውም» ብሎ ጨረሰ።

«ቆይ ቆይ» አለ ጥላዬ። «ሁለት ሺህ ብር ለመኝታ? በሁለት ሺህ ብር እኮ ሙክት ይገዛል። ልጅህ በየወሩ አንድ ሙክት እያረደ ነው የሚተኛ?»

ደጁ በሳቅ ሞላ። «አምስት ሺህ ያልበቃው ምን ቢጠጣ ነው!» አለች አንዲት ሴት። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «አያሌው፣ ያኔ አፍህን ሞልተህ ነግረኸን ነበር» አሉ። «ዛሬ ስንዴ ሲመጣ ደሞዙ አነሰ?»

መሳቃቸው አያሌውን አላስቆጣውም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን እሱም አብሯቸው ይስቅ እንደነበር ያውቃል።

ጥላዬ ሊረዳው ፈለገ፤ መከራው የመጣውም ከዚሁ ደግነት ነው። «ስማኝ አያሌው» አለ። «ደንቡ መውጫ አለው። ልጅየው ወላጁን ክዶ፣ ረስቶ ከሆነ ቤቱ ልጅ እንደሌለው ይቆጠራል። ልጀ ተበላሸብኝ ማለት አሳፍሮህ ነው እንጂ ይህ የኪራይ ወሬ ማንን ያሳምናል? ክዶህ ከሆነ ማልና ግባ።»

ሳቁ ቆመ። ሰዉ አያሌውን በአዘኔታ ያየው ጀመር። ልጅ ከተማ ገብቶ አባቱን ረሳ ቢባል በጓሳ አምባ የማያምን የለም፤ በየቤቱ አንድ አንድ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። ደሞዝተኛ ተራበ ቢባል ግን ተረት ነው። አያሌው ይህን ከፊታቸው አነበበ። ቤቱ አራት ነፍስ ነው፤ በወር ስልሳ ኪሎ፣ እስከ ሰኔ። የዓለሚቱ ሕፃን ከትናንት በስቲያ የእናቷ ጡት ደርቆባት ስታለቅስ ውላለች።

ተነሥቶ መስቀሉ ፊት ቆመ። «ልጀ ክዶኛል» አለ። «በሬየን ሽጬ አስተምሬው ረስቶኛል። ሐሰት ከሆነ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ።» ተሳለመ። መስቀሉ ከንፈሩን እንደ በረዶ አቀዘቀዘው።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጥላዬ ስሙን ጻፈ። ብዙነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች።

ስንዴው በጥር መጀመሪያ መጣ። ብዙነሽ ለቀመችው፣ ፈጨችው፣ ጋገረችው፣ ለሁሉም አቀረበች፤ ራሷ ግን አልነካችውም። ከተረፈችው ገብስ ቆሎ እየቆላች ትውላለች። አያሌው «ኧረ ብዙነሽ፣ ብይ» ሲላት «እኔ የልጀን ስም ፈጭቼ አልበላም» አለችው። ከዚያ በኋላ አልለመናትም፤ እሱ ግን በላ። ይበላል፣ ያፍራል፣ እንደገና ይበላል፤ ረኃብ ይሉኝታ የለውም።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ነገር ግን ቄስ አለሙ ደግ እረኛ ናቸው፤ የጠፋ በግ ሲሰሙ ዝም ብለው አይተኙም። አንድ ቀን የእርከን ሥራው ላይ መጥተው «የልጅህን ቁጥር ስጠኝ፤ እኔ እመክረዋለሁ» አሉት። አያሌው ምን ብሎ ይከልክላቸው? ሰጣቸው። በማግስቱ ከሳቸው ለመቅደም ወደ ጉብታው ሮጠ፣ ደወለም። ልጁ «አባየ፣ ምነው በደህና?» ሲለው ግን ሌላ ወሬ ጀመረ። ስለ ብርዱ አወራ፣ ስለ በጎቹ አወራ፣ ሕፃኗ ጥርስ ማብቀሏን ነገረው። ከዚያ «በል ደህና ሁን» ብሎ ዘጋው። ምን ይባላል? ለስንዴ ብየ ሸጥሁህ ይባላል?

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አለሙ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠሩት። ፊታቸው በርቷል።

«ደወልሁለት» አሉ። «‹አክብር አባከ ወእመከ› ይላል መጽሐፍ፤ ‹አባትህ ክዶኛል ብሎ በመስቀል ምሏል፤ እውነት ነው ሐሰት?› አልሁት።»

አያሌው ጠጋ አለ። «ምን አለ?»

«‹አባየ በመስቀል ማሉ?› ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ‹እንግዲያስ እውነት ነው አባቴ፣ ረስቻቸው ነበር፣ ይፍቱኝ› ብሎ አለቀሰ። ልብ ያለው ልጅ ነው አያሌው። በተግባር እስኪረዳህ ድረስ ግን አልፈታውም፤ በግዝት አስሬዋለሁ።»

ቄሱ ምሥራች ያበሠሩት መስሏቸው ነበር። አያሌው እጃቸውን ስሞ እየተደናበረ ሄደ። አንዲት ቃል «ሐሰት ነው» ቢል ኖሮ ሙላቴ ነጻ ነበር፤ አባቱ ግን በአምስት መቶ ሰው ፊት በመስቀል የዋሸ ሰው ይሆን ነበር። መዋሸት የማይችለው ልጅ ዋሸ፤ በራሱ ላይ።

ከሳምንት በኋላ ብር መጣ። አያሌው አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ወርዶ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ገባ። የባንክ ሠራተኛዋ ብሩን ቆጥራ ሰጠችው። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ነው። ለራሱ ምን እንዳስቀረ ለማወቅ አያሌው በጣቱ መቁጠር አላስፈለገውም። ከባንኩ በር ሳይርቅ ደወለ።

«ምን ልትበላ ነው? የት ልታድር ነው?» አለ፣ ሰላምታም አልሰጠው።

«ቤቱን ለቀቅሁት አባየ። የድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ማታ ማታ ዘበኛው ያስተኛኛል። ካርቶን ሞልቷል፣ አይበርድም።»

«ለምን ሐሰት ነው አላልህም?»

«አንቱ በመስቀል ምለው እኔ ሐሰት ነው ልበል? ከዚያ በኋላ ማን ቤት ይገባሉ? ማን ከርስዎ ጋር ይቀናጃል?»

«ብሩን እመልሰዋለሁ!»

«ቢመልሱት መልሼ እልከዋለሁ። ግዝት ላይ ነኝ እኮ። አይዞዎ፣ ወጣት ነኝ» አለ ሙላቴ። ድምፁ የታፈነ ሰው ድምፅ ነበር፤ ጉንፋን ይሁን ሌላ አያሌው አልለየውም።

የመጣው ብር በጓሳ አምባ ከሰው ተደብቆ አያውቅም። ጥላዬ መንገድ ላይ አገኘውና እጁን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለህ! ልጅህ ተመለሰልህ» አለ። «እንግዲህ ደንብ ነውና ከመጋቢት ጀምሮ ስንዴው ይቆማል። ለባሰበት ይተርፋል፣ አንተም አትቀየም።» አያሌው አልተቀየመም። መቀየም የሚገባው ሰው ራሱ እንደሆነ ያውቃል።

በየካቲትም ብር መጣ፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ብዙነሽ ሁለቱንም ጊዜ የመጣውን በጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠችው፤ «ልጁ ሲመጣ ይወስደዋል» አለች። ከዚያ ውስጥ አንዲት ብር አልወጣም። ስንዴው ሲቆም አንድ በግ ሸጡ፣ ቀጥሎ ሌላ።

በመጋቢት ብር አልመጣም። ስልኩም አይሠራም። አያሌው በየቀኑ ጉብታው ላይ እየወጣ ይደውላል፤ ያችው የቴሌ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለዋለች። ዓለሚቱ ድሮ ወንድሟ የደወለበትን የአንድ የሥራ ባልደረባውን ቁጥር ከስልኳ ፈልጋ አገኘች። ሰውየው ሙላቴን ያውቀዋል፤ ሽሮውን ለሦስት ከሚበሉት አንዱ ነው። መጋዘን ውስጥ ሲያድር ሥራ አስኪያጁ አግኝቶት ሌባ ነህ ብሎ በዚያው ዕለት እንዳሰናበተው ነገራቸው። ያስል ነበር አለ። «ሀገርህ ግባ ብለው ‹ግዝት ላይ ነኝ፣ ባዶ እጄን ደጁን አልረግጥም› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለ።

ብዙነሽ አልጮኸችም። ጨርቁን ፈታች፣ ብሩን አየችው፣ መልሳ ቋጠረችው። ከዚያ «ሂድ» አለች አያሌውን። «ወደ ቄሱ ሂድና እንደሆነው ተናገር። የምትፈራው ምን ቀረህ?»

አያሌው ሄደ፤ ቄስ አለሙ ግን ለሱባዔ ወደ ጣራ ገዳም ሄደዋል አሉት። ሲመለሱ እሑድ ሆነ። ለካስ እሳቸውም ብሩ መቅረቱን ከሰው ሰምተው ኖሯል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከዐጸዱ ሳይበተን ደረጃው ላይ ቆሙ። ፊታቸው ዛሬ ጨልሟል።

«ምእመናን» አሉ፤ «ከመካከላችን ወጥቶ ከተማ የገባ አንድ ልጅ ነበረ። ወላጁን ካደ፤ መከርነው፤ አለቀሰ፤ ተመለሰ አልን። ለሁለት ወር ቆርሶ አቀመሳቸውና እንደገና ካዳቸው። ስልኩንም ዘጋ። ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ትታገሣለች...»

«ሐሰት ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አያሌው ከወንዶቹ መካከል ወጥቶ ደረጃው ሥር ቆሟል። ጋቢው ከትከሻው ወድቋል።

«ልጀ አልካደኝም!» አለ። «የማልሁት በሐሰት ነው። ስንዴ ለመቀበል ብየ ነው። እሱ የእኔን መሐላ ለማዳን ብሎ ረሳኋቸው አለ እንጂ የሚበላው አልነበረውም። የላከልን የኪራዩን፣ የዳቦውን ነው። ከቤት ወጣ፣ ከሥራ ወጣ፣ ጠፋ። እኔን ይገዝቱኝ አባቴ! በእግዚአብሔር ስም እኔን ይገዝቱኝ!»

አያሌው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት የተጋነነች ቃል አልነበረችበትም።

የቄስ አለሙ ዓይን እንባ አቀረረ። ከደረጃው ወርደው እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። «አያሌው» አሉ፣ ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «እኔ እኮ ልጅህን በጆሮየ ሰምቼዋለሁ። ረስቻቸው ነበር ብሎ በአንደበቱ ነግሮኛል። የልጅህን ኃጢአት ልትሸከምለት ፈለግህ። አባት እንዲህ ነው። የሱ ጭካኔ ግን ባንተ ፍቅር አይፈታም።»

«እውነቱን ነው!» ብላ ብዙነሽ ከሴቶቹ በኩል ጮኸች። «አባቴ፣ እውነቱን ነው የሚናገር!»

ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። «አይ የወላጅ ሆድ!» አሉ እየተቀባበሉ፤ ሁለቱ ብዙነሽን ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጧት። ጥላዬ መጥቶ የወደቀውን ጋቢ አነሣና ለአያሌው አለበሰው፤ እሱም ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ቄስ አለሙ ወደ ደረጃው ተመለሱ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ሙላቴን በክርስትና ስሙ ጠርተው፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዘቱት፤ ሕዝቡም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» አለ።